ወንዱ ይዞራል፣ ሴቷ ካልመጣች ግን ዘር የለም

(በሰሜን ቨርጂኒያ ለኢትዮጵያውያን የእግር ተጓዦች ስብስብ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ጥያቄውን ልመልስና እንገላገል። ግብዣው ሲደርሰኝ ከሥሩ «ሼናንዶዋ ውስጥ የተራራ አንበሳ አለ ወይስ የለም?» የሚል ተጽፎበት ነበር። መልሱ፦ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ በምትወጡበት በዚያ የቨርጂኒያ ፓርክ ጫካ ውስጥ ጥቁር ድብ አለ። ቦብካት የሚሉት የዱር ድመት አለ። ኮዮቴ የሚሉት ቀበሮ መሰል አውሬ አለ። የተራራ አንበሳ የለም። በቨርጂኒያ ተገደለ ተብሎ የተመዘገበው የመጨረሻው በ1882 ነው፤ ቦታው ዋሽንግተን ካውንቲ ይባላል። እዚህ አጠገባችን ያለው ዋሽንግተን እንዳይመስላችሁ፣ ወደ ቴነሲ ድንበር ያለው ተራራማ ጥግ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ አታምታቱኝ።

«እኔ ግን አይቻለሁ» የሚል ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይኸው፣ እዚያ ጥግ አንድ እጅ ወጣ። ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

የምናወራለት እንስሳ ፑማ ነው። ኩገር፣ ፓንተር፣ ማውንቴን ላየን የሚሉት ሁሉ እሱኑ ነው። ጎፈር የሌለው አንበሳ ይመስላል። በዝምድና ግን ከአንበሳ ይልቅ ለአቦሸማኔና ለቤት ድመት ይቀርባል። ማግሳት አይችልም። ደስ ሲለው ኩርርር ይላል። ትልቅ ወንድ 60፣ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ በጣም ታንሳለች። ጅራቱ ረጅምና ወፍራም ነው፣ የጠቅላላ ርዝመቱን ሲሶ ያህላል። ይህን ጅራት ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን። በምዕራቡ የዓለም ክፍል የእሱን ያህል ሰፊ አገር የሚሸፍን ሌላ የየብስ አውሬ የለም። ከካናዳው ዩኮን እስከ ቺሊ ጫፍ ድረስ አለ። በረሃ ይኖራል፣ በረዶ ይኖራል፣ ሎስ አንጀለስ መሀል ሳይቀር ይኖራል።

ታዲያ ከዚህ እንዴት ጠፋ? ነጮቹ ሰፋሪዎች ከመጡ ጀምሮ ለገደለ ሰው ሽልማት ይከፈል ነበር። ግን ጥይት ብቻውን አይደለም ያጠፋው። ጫካው ለእርሻ፣ ለከሰልና ለጣውላ ተመነጠረ። አጋዘኑን ሰው ጨረሰው። በ1931 በመላው ቨርጂኒያ የቀረው አጋዘን 25 ሺህ ገደማ ብቻ እንደነበር ይገመታል። የሚበላው ያጣ ፑማ በግና ጥጃ ላይ ሲመጣ፣ አጋዘን ጨራሽ ተብሎ የተወገዘው እሱ ሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ቨርሞንት የመጨረሻውን በ1881 በርናርድ በምትባል ከተማ ገደለች። ቆዳው ተሞልቶ ሞንፔሊየር ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ሜይን ውስጥ አንድ በ1938 በወጥመድ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ዝም። የፌዴራሉ መንግሥት የምሥራቁ ፑማ ጠፍቷል ብሎ በ2011 አወጀ፣ በ2018 ደግሞ ስሙን ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ዝርዝር ላይ ሰረዘው። ከሰረዙት በኋላ ጉዳዩ የየክፍለ ግዛቱ ሆነ። ይህ የቢሮክራሲ ነገር ይመስላል፤ ግን ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

አሁን ያን ጫካ ተመልከቱት። ገበሬው ድንጋያማውን መሬት ትቶ ወደ ምዕራብና ወደ ከተማ ሲሄድ ዛፉ ተመለሰ። ቨርሞንት ዛሬ አብዛኛው መሬቷ ደን ነው። በሰሜን ኒው ዮርክ ያለው የአዲሮንዳክ ፓርክ ብቻውን ወደ 24 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሼናንዶዋ ራሱ እርሻና ግጦሽ የነበረ፣ ሰው ተነስቶለት በ1935 ፓርክ የሆነ መሬት ነው። የድንጋይ አጥሮቹን ስትሄዱ አይታችኋል። አጋዘኑስ? በቨርጂኒያ ዛሬ ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋል። ምግብና መጠለያ ከሆነ ችግሩ፣ ችግር የለም። ምን ይጠበቃል ታዲያ?

እዚህ ላይ የአንድ ወንድ ፑማ ታሪክ ልንገራችሁ። ሰኔ 2011 ላይ፣ ሌሊት፣ ኮነቲከት ውስጥ ሚልፎርድ አጠገብ ዊልበር ክሮስ በሚባለው አውራ ጎዳና አንድ ሰው መኪናውን እየነዳ ነበር። ትልቅ እንስሳ ገጨ። ፖሊስ መጥቶ ሲያይ 64 ኪሎ የሚመዝን ፑማ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ከዚያ የሁለት ሰዓት መንገድ አይሞላም። በኮነቲከት ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ «ከሰው ግቢ ያመለጠ ነው» አሉ። ምክንያታዊ ግምት ነበር። ሬሳው ሲመረመር ግን ጥፍሩ አልተነቀለም፣ አልተኮላሸም፣ ቆዳው ሥር የጃርት እሾህ ተገኘ። በሰው እጅ ያደገ እንስሳ አይመስልም።

ከዚያ ዲኤንኤው ሞንታና ወዳለ ቤተ ሙከራ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም አፉን ያዘ። እንስሳው የተወለደው ደቡብ ዳኮታ፣ ብላክ ሂልስ የሚባሉት ተራሮች ላይ ነው። በዚያ ላይ ይኸው ራሱ እንስሳ መንገድ ላይ እዳሪና ፀጉር ሲጥል፣ ሰዎችም ሲለቅሙለት ኖረዋል። ታኅሣሥ 2009 ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሚኒያፖሊስ ዳር ቻምፕሊን በምትባል ሰፈር አለፈ። ሚኒሶታ ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው፣ በጓሮ በኩል ነው የሄደባቸው። ቀጥሎ ዊስኮንሲን። በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ኒው ዮርክ፣ ሌክ ጆርጅ አጠገብ። ከዚያ ኮነቲከት። በቀጥታ መስመር ብትለኩት ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእግሩ! እኛ ኦልድ ራግ ተራራን ወጥተን ወርደን ሦስት ቀን እናነክሳለን።

ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። «እየመጡ ነው» ይላል። እኔ ግን ስሰማው አዝናለሁ። ያ ወንድ ምን ፍለጋ ነው የሄደው? አደን አይደለም፤ አጋዘን በየመንገዱ ሞልቷል። ሴት ነው የፈለገው። በሄደ ቁጥር ደግሞ ከመጨረሻዋ ሴት እየራቀ ነው። ከዳኮታ ወደ ምሥራቅ በተራመደ ቁጥር አንድ የሚያገኛት አልነበረችም።

የዛሬ ንግግሬ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ፑማ ሲያድግ ወንዱና ሴቷ አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። ወንዱ ዓመት ከምናምን ሲሞላው ከእናቱ ይለያል፤ ትልልቆቹ ወንዶች አካባቢውን ስለያዙት ይባረራል ማለት ይቻላል። ከዚያ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ሴቷ ግን ከቻለች እናቷ አጠገብ ነው የምትሰፍረው። ስለዚህ ወንዶቹ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዘው ጋዜጣ ላይ ሲወጡ፣ ዘሩ ራሱ ወደፊት የሚገፋው ሴቶቹ ጎረቤት ለጎረቤት በሚሰፍሩበት ፍጥነት ነው። ያ ደግሞ የኤሊ ፍጥነት ነው። ስለዚህ «ፑማ ታየ» ሲሏችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ሴት ናት ወይ?

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ፍሎሪዳን ውሰዱ። በደቡብ ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ፑማ ጨርሶ አልጠፋም። ከነሱ በስተሰሜን ካሉሳሃቺ የሚባል ወንዝ አለ። ወንዶቹ ይሻገሩታል። ከ1973 በኋላ ግን አንዲት ሴት ከወንዙ ማዶ መታየቷ የተረጋገጠው በ2016 ነው። ከአርባ ዓመት በላይ! በቀጣዩ ዓመት ደቦሎች ታዩ። እስክትሻገር ድረስ ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት ሁሉ የወንዶች መንከራተቻ ነበር።

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ወዳጆች ፒ-22ን ታስታውሳላችሁ። ወንድ ፑማ ነው። ሁለት ትልልቅ ፍሪዌይ፣ 405ንና 101ን አቋርጦ በ2012 ግሪፊዝ ፓርክ ገባ። ከሊትል ኢትዮጵያ በመኪና ቅርብ ነው። በሆሊውድ ምልክት ሥር ፎቶ ተነስቶ ዝነኛ ሆነ። አሥር ዓመት ኖረ። በመጨረሻ ታምሞና በመኪና ተገጭቶ ታኅሣሥ 2022 ላይ ሐኪሞች እንዲሞት አደረጉት። ከተማው ለቅሶ ተቀመጠ ብል አላጋነንኩም፤ ለመታሰቢያው ትኬት አልቆ ነበር። ያ ሁሉ ዝና እያለው አንድም ሴት ሳያይ ነው የሞተው። ከፓርኩ መውጫ አልነበረውም። ዛሬ በ101 ላይ አጉራ ሂልስ ጋ ለእንስሳት መሻገሪያ ድልድይ የሚሠራው እንዲህ ዓይነቶቹን ለማገናኘት ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። መጋቢት 2025 ሚሺጋን ውስጥ፣ በሰሜኑ ባሕረ ገብ መሬት ኦንቶናጎን በሚባል ካውንቲ፣ አንድ ነዋሪ ሁለት የፑማ ደቦሎች ፎቶ አነሳ። ዕድሜያቸው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሳምንት ቢሆን ነው። የክፍለ ግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት አረጋገጠው። በሚሺጋን ከመቶ ዓመት በላይ ፑማ መውለዱ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከ2008 ጀምሮ እዚያ ከመቶ ጊዜ በላይ ፑማ መታየቱ በማስረጃ ተረጋግጧል። ያ ሁሉ ግን ለእኔ የሁለቱን ደቦሎች ያህል አይመዝንም። ደቦል ካለ እናት አለች። ሴት እዚያ ደርሳለች ማለት ነው።

ብላክ ሂልስም የተሞላው እንዲሁ ነው። ደቡብ ዳኮታ በ1978 ጥበቃ አደረገችላቸው። ከዚያ በ1990ዎቹ ቁጥራቸው ተመለሰ። ነብራስካም ከዚያ ቀስ በቀስ አገኘች። በ2005 ደቡብ ዳኮታ ማደን ፈቀደች። ይህን ስል አዳኞቹን ለመክሰስ አይደለም፣ ቁጥሩ ስለሚፈቅድ ነው የፈቀዱት። ግን ወደ ምሥራቅ የሚወጡት ትርፎቹ ናቸው። ምንጩ ላይ ሴቶች ሲታደኑ የሚፈሰው ይቀንሳል። ነገሩ ግልጽ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ እጁ። አይተሃል ወንድሜ? ምን ቀለም ነበር? ጥቁር? (ሳቅ) ይቅርታ፣ በአንተ አይደለም የሳቅነው። እዚህ አገር «ጥቁር ፓንተር አየሁ» የሚል ጥሪ ለየመሥሪያ ቤቱ ሲደወል የኖረ ነው። ጥቁር ፑማ ግን እስከ ዛሬ በሳይንስ ተረጋግጦ አያውቅም። ጥቁር ሆኖ የሚወለደው ነብርና የደቡብ አሜሪካው ጃጓር ነው። እኛ አገር ገሠላ አለ፤ ደገኛ ጫካ ውስጥ ያደገ ሰው ጥቁር ትልቅ ድመት አየሁ ቢል ይታመናል። እዚህ ግን ያየኸው ወይ የሰው ድመት ነው፣ ወይ ውሻ ነው፣ ወይ ጥላ ነው። ርቀት ላይ መጠን ይሸውዳል። ጅራቱን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ቦብካት ጅራቱ ጉማጅ ናት። ፑማ ጅራቱ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ዱካ ካገኛችሁ ጥፍሩን እዩ። የውሻና የኮዮቴ ጥፍር ጭቃው ላይ ይታያል፤ ፑማ ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል። ደግሞም አስቡት፦ ዛሬ በየጫካው እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ተተክሏል። አዳኞች አላቸው፣ ተማሪዎች አሏቸው፣ ጡረተኞች አሏቸው። ሚሺጋን ውስጥ ፑማ ሲኖር ካሜራው ያዘው። እዚህ ያልያዘው ስለሌለ ነው። መሥሪያ ቤቱ ይደብቅብናል የሚለውን ወሬ ተዉት። እነዚህ ሰዎች ፑማ ቢያገኙ ለበጀታቸው ደስታው አይቻላቸውም።

ደግሞስ ለምን እንፈልገዋለን? «አውሬ የሌለበት ጫካ ምን አለበት?» ትሉኝ ይሆናል። ሌሊት የምትነዱ፣ በተለይ ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ፣ መልሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋዘኑ የመራቢያ ጊዜው ነው፣ አስፋልት ላይ ዘው ይላል። ስንቶቻችሁ ገጭታችኋል? ይኸው፣ ግማሹ አዳራሽ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ አስልቶ ነበር። ፑማ ወደ 19 የምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች ቢመለስ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አጋዘን የመግጨት አደጋ በ22 በመቶ ይቀንሳል ይላል። 155 ሰው ከሞት ይተርፋል፣ ከ21 ሺህ በላይ ሰው ከመቁሰል ይድናል፣ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላርም ይቀራል። በዚያው ዘመን ፑማዎቹ ራሳቸው የሚገድሉት ሰው ከ30 ያነሰ ይሆናል ብለው ገምተዋል። ይህ ሞዴል ነው፣ ትንቢት አይደለም። አንድ ፑማ በአማካይ ስድስት ዓመት ሲኖር 259 አጋዘን ይበላል ብለው ነው የተነሱት። ቁጥሩን በእጃችሁ አትጨብጡት፣ አቅጣጫውን ግን ተቀበሉት።

ሮክ ክሪክ ፓርክን ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። መሀል ዋሽንግተን ነው። ከ2013 ጀምሮ የፓርክ አገልግሎቱ ሌሊት ሌሊት ተኳሾች እያስገባ አጋዘን ይቀንሳል። ሥጋው ለተቸገሩ ይሰጣል፣ ጥሩ ነገር ነው። ለምን ግን? ትንንሾቹን የዛፍ ችግኞች አጋዘኑ ስለሚጨርሳቸው። የምታዩት ትልልቅ ዛፍ ነው፤ ከሥር ተተኪ የለም። ጫካው አረጀ፣ ልጅ አልወለደም። አዳኝ እንስሳ ሲጠፋ ጠመንጃ ይዞ የእሱን ሥራ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ መቅጠር የግድ ይሆናል። ያሳቀኝም ያሳዘነኝም ይኼ ነው።

ፑማ ገድሎ ሁሉንም አይበላም። ቅጠልና በረዶ አልብሶት ይሄዳል፣ ይመለሳል። በመሀሉ ቀበሮው፣ ድቡ፣ ንስሩ፣ ጥንዚዛው ይበላል። በየሎስቶን አካባቢ ተመራማሪዎች ፑማ በገደላቸው ሬሳዎች ላይ የጥንዚዛ ዓይነት ብቻ ሲቆጥሩ 215 አገኙ። ጥንዚዛ ማን ቁም ነገር ይለዋል? ያን ሬሳ ወደ አፈር የሚመልሰው ግን እሱ ነው።

እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። መቐለ ላይ የተሠራና በ2021 የታተመ ጥናት አለ። የከተማዋ ዳርቻ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ ጥንብ ያጸዳሉ። በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት ይረዳሉ ይላል። ሐረርን የሚያውቅ ጀጎል ግንብ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ መተዉን ያውቃል። ከአውሬ ጋር ጎረቤት መሆን ለእኛ አዲስ አይደለም። ለቨርጂኒያ ሰው ነው አዲስ የሚሆነው፤ መቶ አርባ ዓመት ረስቶታልና።

ፍርሃቱን ግን ማንም እንዳይንቀው። በሰሜን አሜሪካ ከ1890 ወዲህ በፑማ የተገደለው ሰው በጠቅላላ 30 ገደማ ነው። ያ በመቶ ሠላሳ ዓመት ነው። በጣም ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። በ2018 ብቻ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንድ ብስክሌተኛ፣ ኦሪገን ውስጥ አንዲት እግረኛ ሞተዋል። በ2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ወጣት። የነዚያ ሰዎች እናት ፊት ቆሜ «ከመብረቅ ያንሳል» ብዬ ስታቲስቲክስ አልዘረዝርም። ምሥራቅ ላይ ያለ ማንም ሰው በዚህ ጉዳይ ሲጠየቅ «እፈራለሁ» የማለት መብት አለው።

ከሰው ይልቅ የሚያሰጋው በግና ፍየሉ ነው። ለፋሲካ፣ ለአረፋ የምንገዛባቸው እርሻዎች አሉ አይደል? በፔንሲልቬንያ፣ በሜሪላንድ፣ ወደ ኩልፔፐር ሲኬድ። ሠላሳ አርባ ፍየል ይዞ የሚኖር ገበሬ ሌሊት ፑማ ቢገባበት አሥሩን አንድ ላይ ሊገድልበት ይችላል። ምዕራብ ያሉት ያውቁታል። ማታ በረት ማስገባት፣ ከመንጋ ጋር የሚያድር ትልቅ ጠባቂ ውሻ ማሳደግ፣ ለጠፋው ካሣ መክፈል። ይሠራል፣ ግን ጉልበትና ገንዘብ ነው። የዚህን ወጪ እኛ አፓርትማ ውስጥ የምንኖረው አንከፍልም። ገበሬው ነው የሚከፍለው። ስለዚህ አፋችንን ሞልተን «ይምጣ» ስንል ይህንን እናስብ።

ይምጣ ወይስ እናምጣው? ክርክሩ አሁን ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሚሺጋን እስከ ሼናንዶዋ ሴቶቹ በራሳቸው ፍጥነት ቢመጡ እኔ አላየውም፣ ልጆቼም የሚያዩት አይመስለኝም። መሀል ላይ ኢሊኖይ፣ ኢንዲያና፣ ኦሃዮ አሉ፦ በቆሎና ሃይዌይ። ታኅሣሥ 2014 ኬንታኪ ውስጥ አንድ ወንድ ብቅ ብሎ ነበር፤ ሰው በሚበዛበት አካባቢ ስለተገኘ የዱር እንስሳት መኮንን ተኩሶ ገደለው። በቀጣዩ ዓመት ቴነሲ ምዕራብ ውስጥ የሴት ፑማ ፀጉር ተገኘ፣ ዲኤንኤው ከዳኮታ። አንዲት ሴት! እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ ነው። አንዲት ብቻዋን ደግሞ ዘር አትተክልም።

ማምጣት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ተሠርቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፍሎሪዳ ፑማዎች ከ20 እስከ 30 ብቻ ቀርተው ነበር። እርስ በርስ በዘመድ እየተዋለዱ ጅራታቸው ጫፉ ተቆልምሞ፣ ልባቸው በእክል ተወልዶ፣ የወንዶቹ ቆለጥ ሳይወርድ ቀርቶ ነበር። በ1995 ከቴክሳስ ስምንት ፑማዎች አመጡ። ስምንቱም ሴቶች ነበሩ፣ ልብ በሉ። አምስቱ ወለዱ። «ይህ ከዚያ በኋላ የፍሎሪዳ ፑማ አይደለም» ያሉ ነበሩ። ዛሬ ከ120 እስከ 230 የሚሆኑ ትልልቅ ፑማዎች አሉ፣ ቆልማማው ጅራትም በጣም ቀንሷል። አሁን የሚገድላቸው በብዛት መኪና ነው። ስምንት ሴቶች አንድን ዘር ከሞት መለሱ። የዘር ጥናቱም ቢሆን የሰሜን አሜሪካ ፑማዎች ሁሉ እርስ በርስ በጣም የተቀራረቡ ናቸው ይላል። ስለዚህ ከዳኮታ የመጣ ፑማ ለምሥራቁ የአፓላቺያን ተራሮች ባዕድ ነው የሚለው ክርክር ለእኔ አይገባኝም።

ኮሎራዶ በተኩላ ላይ ያደረገችው ግን ያስፈራኛል። በ2020 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠና ጠባብ በሆነ ልዩነት አለፈ። የከተማው ሰው «ይምጣ» አለ፣ ከብት አርቢው ገጠር «አይምጣ» አለ። በታኅሣሥ 2023 ተኩላዎቹ ተለቀቁ። ጠቡ እስከ ዛሬ አልበረደም። ተኩላው ጥሩ ነው፣ አካሄዱ ነው የከፋው። ሰውን በቁጥር አሸንፈህ ጎረቤቱ አውሬ ብታስቀምጥበት ያንን አውሬ ማታ ማን እንደሚጠብቀው እግዜር ይወቅ። ምዕራብ ውስጥ እንዲህ ላሉት አንድ አባባል አላቸው፤ ተኩስ፣ ቅበር፣ አፍህን ዝጋ ነው የሚሉት።

የእኔ አቋም ይኸውላችሁ። መምጣት አለበት። መጀመሪያው ቦታም ሼናንዶዋ አይደለም፤ ጠባብ ነው፣ በመንገድ የተከበበ ነው። አዲሮንዳክ ነው፣ ወይም የሰሜን ቨርሞንትና የሜይን ጫካ። ሴቶች መምጣት አለባቸው፣ ከአንድ ወንድ ጋር ሳይሆን በርከት ብለው። ከዚያ በፊት ግን እዚያ የሚኖረው ገበሬና አዳኝ ይጠየቅ። የካሣው ገንዘብ አውሬው ሳይመጣ በፊት ባንክ ይግባ። ከ2018 በኋላ ሥልጣኑ የክፍለ ግዛቶቹ ስለሆነ ይህን የሚወስነው የየክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ፣ የኒው ዮርኩ አልባኒ ወይም የቨርሞንቱ ሞንፔሊየር ነው እንጂ ዋሽንግተን አይደለም። አሥር ዓመት ቢፈጅ ይፍጅ።

ጥያቄ ነበር። «እስከዚያው ኮሎራዶ ወይ ካሊፎርኒያ ስንሄድ ብናገኘውስ?» ጥሩ። አትሩጡ። ከጅብ ጋር ያደግን ሰዎች ጩኸትና ድንጋይ እናውቃለን፣ እዚህም እሱ ነው የሚሠራው። ፊታችሁን አዙሩበት፣ ዓይን ዓይኑን እዩት፣ ጃኬታችሁን ዘርግታችሁ ግዘፉ፣ በኃይል ተናገሩ። ልጅ ካለ ሳታጎነብሱ አንሱት። ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ መውጫ ተዉለት። ከመጣ ታገሉት። በዱላ፣ በድንጋይ፣ በቴርሞስ፣ ባገኛችሁት። የታገሉት ብዙዎቹ ተርፈዋል። ንጋትና ምሽት ላይ ብቻችሁን ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጋችሁ አትሩጡ። ልጆችን ወደፊት አትስደዷቸው።

ሌላ ጥያቄ። «ሼናንዶዋ ላይ በእርግጥ ያየሁ ከመሰለኝስ?» ፎቶ አንሳ። ዱካ ካለ አጠገቡ ቁልፍህን ወይም ስልክህን አስቀምጥና መጠኑ እንዲታይ አድርገህ አንሳው። ፀጉር ወይም እዳሪ ካገኘህ በእጅህ አትንካው፣ ቦታውን መዝግብ። ለፓርኩ ሠራተኞች ወይም ለክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደውል። ቲክቶክ ላይ ቦታውን አትለጥፍ፤ በማግሥቱ መቶ ሰው ይሄድበታል። ደውለህ ስትጨርስ ደግሞ ለእኔም ደውልልኝ። የምጠይቅህን ግን ከአሁኑ ታውቀዋለህ።